ደርቢው 50፣ የሰኞው 20፦ የኳስ ቤት መግቢያ ዋጋ አተማመን

እሁድ ማታ ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) ከተቀናቃኙ ሊቨርፑል ጋር ይጫወታል፤ ደርቢ የምንለው ይህን ነው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ቤቱ ሞልቷል። በር ላይ የቆመው ሰው «ቆሜም ቢሆን ልይ» ይላል። ሰኞ ማታ በርንማውዝ ከፉልሃም ጋር ይጫወታል። አግዳሚው ባዶውን ነው። ቤቲንግ የቆረጡ ጥቂት ልጆች፣ ፈተና የጨረሱ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ተረኛ ጥበቃ ተበታትነው ተቀምጠዋል። በሁለቱም ቀን መግቢያው 30 ብር ነው። እሁድ ሰው ቦታ አጥቶ ይመለሳል። ሰኞ ደግሞ ቦታው ሰው አጥቶ ያመሻል። ዋጋው አንድ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ይህ በየሳምንቱ ይደገማል።

እኔ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ኳስ በስክሪን እያሳየሁ መግቢያ የማስከፍልበት ኳስ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ስታዲየም በር ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር። ይህን የምጽፈው ኳስ ቤት ላላችሁ፣ ልትከፍቱ ላሰባችሁ፣ ወይም በክረምት የሰፈር ውድድር አዘጋጅታችሁ በር ላይ ብር ለምትሰበስቡ ነው። ስክሪንም ይሁን ሜዳ ስሌቱ ያው ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፤ ለቤት የተሸጠ የዲኤስቲቪ (ጨዋታ የሚያስተላልፈው የክፍያ ቴሌቪዥን) ካርድ አስከፍሎ ለማሳየት አይሆንም። ለንግድ ቤት የተዘጋጀ ጥቅል አለ። እሱን ሳትይዙ ዋጋ ልተምን ብትሉ መሠረት የሌለው ቤት ነው።

ከቦታ አንጻር ዋጋ መለያየት ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ክቡር ትሪቡንን፣ ጥላ ፎቅን፣ ከማን አንሼን፣ ሚስማር ተራንና ካታንጋን የሚባሉትን የመቀመጫ ክፍሎች ያውቃል። ጥላ የፈለገ ጨምሮ ይከፍል፣ ፀሐይ የቻለ በትንሽ ይገባ ነበር። እኛ ያልለመድነው በጨዋታው ዓይነት ዋጋ መለያየትን ነው። ይህም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አስቀድሞ ደረጃ ማውጣት ነው። አርሰናል ጨዋታዎቹን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ከፍሎ ሲሸጥ ኖሯል። ትልቅ ተጋጣሚ ሲመጣ ኤ ይሆናል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ተመልካቹ ግን ከወራት በፊት ያውቀዋል። ሁለተኛው እንደ ሽያጩ ፍጥነት በየቀኑ፣ ሲብስም በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ዋጋ ነው። ይህ ከአየር መንገዶች የመጣ ነው። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የአየር መንገድ ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ከለቀቀች በኋላ ኩባንያዎቹ አንዱን ወንበር እንደ ቀኑና እንደ ፍላጎቱ በተለያየ ዋጋ መሸጥ ለመዱ። ወደ ስታዲየም ያስገባው የቤዝቦሉ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ሲሆን በ2009 እ.ኤ.አ. በተወሰኑ ወንበሮች ሞከረው። በእንግሊዝ እግር ኳስ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ ደርቢ ካውንቲ ነው፣ በ2012 እ.ኤ.አ.።

ለኳስ ቤት የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን አልመክርም። ለምን እንደሆነ የ2025ቱ የክለቦች ዓለም ዋንጫ ያሳያል። ቼልሲና ፍሉሚኔንሴ ለግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ መደበኛ ትኬቱ 473.90 ዶላር ነበር። ጨዋታው ሲቃረብ ወደ 13.40 ዶላር ወረደ። እስቲ ቀድሞ የገዛውን ሰው አስቡት። ቡድኑን ስለወደደ፣ ጊዜ ሳይሰጥ ስለገዛ ተቀጣ። በሚቀጥለው ጊዜ እሱም እንደሌላው እስከ መጨረሻው ሰዓት ይጠብቃል። ሁሉም የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ስንት ሰው እንደሚመጣ በምን ያውቃል? የቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ሻጭ ማታ ላይ ዋጋ ብትጥል ያምርባታል፤ ቲማቲሙ ካደረ ይበሰብሳላ። ደንበኛችሁ ግን ነገም በዚያው በር ነው የሚገባው። ትናንት የከፈለውን ያስታውሳል።

መጀመሪያ ደብተር

ዋጋ ከመንካታችሁ በፊት መዝግቡ። የልጆች ደብተር ይበቃል። በየጨዋታው የምትጽፉት ማን ከማን፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስንት ሰው ገባ፣ ቤቱ ስንት ሰዓት ላይ ሞላ፣ ሻይና ለስላሳ ስንት ተሸጠ የሚለውን ነው። አብዛኛው ሰው የማይጽፈው አንድ ነገር አለ። እሱም ቦታ አጥቶ የተመለሰውን ሰው ብዛት ነው። በር ላይ የሚቆመው ልጅ ይህን በጣቱ እየቆጠረ ይያዝ። የገባው ሰው ቤታችሁ ስንት እንደሚይዝ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ፍላጎቱን የሚነግራችሁ የተመለሰው ነው። መቶ ሰው በሚይዝ ቤት ውስጥ አምስት ሰው የተመለሰበትና ስልሳ ሰው የተመለሰበት ቀን በገቢ ደብተር ላይ እኩል ናቸው። ሁለቱም «ሞላ» ተብለው ይጻፋሉ።

አንድ ሁለት ወር ከመዘገባችሁ በኋላ ደብተሩ የሚነግራችሁ ነገር ያስገርማችኋል። ጥሩ ቡድን ማለት ሰው የሚጠራ ቡድን ማለት አይደለም። ማንችስተር ሲቲ ከ2021 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ ሲወስድ የእኔን ቤት ሞልቶ አያውቅም። ማንቼ ግን ቢሸነፍም ይሞላል። ደጋፊው ሊያዝን ይመጣል፣ ሌላው ሊስቅበት ይመጣል፣ ሁለቱም ይከፍላሉ። አርሴም (አርሰናል) እንደዚያው ነው። ስለዚህ የደረጃ ሰንጠረዥ አይታችሁ አትተምኑ። የሰፈራችሁን ሰው አይታችሁ ተምኑ።

ከተጋጣሚው ቀጥሎ ትልቁ ነገር ቀኑ ነው። ማራኪ ላይ ግማሹ ተመልካች ተማሪ ነው። የፈተና ሳምንት ሲገባ ትልቅ ጨዋታ እንኳ ይሳሳል፣ ፈተና ባለቀ ማግስት ደግሞ ማንም ከማንም ቢጫወት ይሞላል። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ሌላ ነው። ቅዳሜ ሹር ማታ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥር 10 እና 11 እኔ ጭራሽ አልከፍትም፤ ከተማው በሙሉ ታቦት አጅቦ ጥምቀተ ባሕር ነው። እንግዳ በዝቷልና ይሞላል ብሎ የሚከፍት አለ። ይሞክረው። ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ሊግ ሲጀመር ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ኮሜንታተሩ አይሰማም። ሰው ግን ኳስ ናፍቆት ስለከረመ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞላሉ። ለእነዚህ ሳምንታት ዋጋ መቀነስ አያስፈልግም፣ ድምፅ ማጉያ መጨመር ያስፈልጋል።

ስሌቱ

ቁጥር ላስቀምጥ። ቤታችሁ መቶ ሰው ይይዛል እንበል። መግቢያው ሁሌም 30 ብር ነው። ትልቅ ጨዋታ ሲሆን 100 ሰው ገብቶ 3,000 ብር ይገኛል። ሃምሳ ሰው ይመለሳል። ትንሽ ጨዋታ ሲሆን 25 ሰው ገብቶ 750 ብር ይገኛል።

አሁን ትልቁን ጨዋታ ብቻ ለውጡ። ፊት ያሉትን 30 ባለመደገፊያ ወንበሮች 60 ብር አድርጉ። መካከል ያሉትን 50 የአግዳሚ ቦታዎች 50 ብር አድርጉ። ኋላ ያሉትን 20 ቦታዎች በ30 ብር እንዳሉ ተዉአቸው። ከሞላ 1,800፣ 2,500 እና 600፣ በድምሩ 4,900 ብር ነው። ከበፊቱ 1,900 ብር ይበልጣል። ዋጋው ሰላሳም ቢሆን ገብቶ የነበረ ሰው አሁንም መግባት ይችላል፣ ኋላ ይቀመጣል እንጂ። እነዚያን ሃያ ቦታዎች እንደ ትርፍ አትዩአቸው። ቤቱን የሁሉም ሰው ቤት የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የእኔ የኋላ አግዳሚ ዓመቱን ሙሉ ዋጋው ከ30 አይጨምርም። ደርቢም ይሁን ፍጻሜ።

ትንሹን ጨዋታ በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ዋጋ ቀንስ፣ ሰው ይመጣል» ይባላል። እስቲ እናስላው። ከ30 ወደ 20 ብር ካወረዳችሁ ያንኑ 750 ብር ለማግኘት 38 ሰው ያስፈልጋል። ከ25 ወደ 38 ማለት ነው። ወደ 10 ብር ካወረዳችሁ ደግሞ 75 ሰው ያስፈልጋል። ለበርንማውዝና ለፉልሃም 75 ሰው ከየት ይመጣል? በነፃ ብትሉም አይመጣ። ስለዚህ ቅናሹን በልክ አድርጉት። እኔ 20 ላይ አቁሜያለሁ።

ባለቤቴ ግን በዚህ ስሌት አትስማማም። ሻዩን የምታፈላው እሷ ናት። «አንተ በሩን ነው የምትቆጥረው፣ እኔ ብርጭቆውን ነው የምቆጥረው» ትለኛለች። እውነት አላት። ትልቅ ጨዋታ ላይ ሰው ተጨናንቆ ስለሚቀመጥ ሻይ አይዞርም፣ ቆሎም አይሸጥም። ትንሽ ጨዋታ ላይ ሰው ተንፈላሶ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ይጠጣል። ሠላሳ ሰው በ20 ብር ቢገባና ሻይ ቢጠጣ ከ25ቱ ሰው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትንሹን ቀን ዋጋ ስትወስኑ የበሩንና የሻዩን አንድ ላይ ደምሩ። ኳስ ቤቱ የእናንተ ሆኖ ሻዩን ሌላ ሰው የሚሸጥ ከሆነ ግን ዋጋ ብትቀንሱ የምትጠቅሙት እሱን ነው።

ዋጋው ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ቤቱ የሚሞላበትን ሰዓት እዩ። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ከሞላ ዋጋችሁ ረክሷል። ፊሽካው ሲነፋ የመጨረሻዎቹ ቦታዎች እየተያዙ ከሆነ ልክ ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ሩቡ ባዶ ከሆነ ተወድዷል። የተወደደውን ግን ዛሬ አታስተካክሉ። ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ጨዋታ አስተካክሉት።

ደረጃዎቹ ሦስት ይበቃሉ። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። አምስት ስድስት ደረጃ ያወጣ ጓደኛ አለኝ፤ በር ላይ የሚቆመው ልጅ ራሱ አያውቃቸውም። የእኔ ትልቅ የሚባለው ማንቼ፣ አርሴ፣ ሊቨርፑልና ቼልሲ እርስ በርስ ሲጫወቱ፣ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና የሚገናኙበት ኤል ክላሲኮና የሻምፒዮንስ ሊግ የመጨረሻ ዙሮች ናቸው። ከእነዚህ ክለቦች አንዱ ከሌላ ጋር ሲጫወት መካከለኛ ነው፣ 30 ብር። የቀረው ሁሉ ትንሽ ነው።

ለዘወትር ደንበኛ የወር ካርድ አውጡ። በወር አራት ትልቅና ስምንት መካከለኛ ጨዋታ ያየ ሰው በመካከለኛው አግዳሚ 440 ብር ይከፍላል። ካርዱን 350 አድርጉት። ብሩ ወሩ ሲብት እጃችሁ ይገባል፣ የዲኤስቲቪ ክፍያም ከእሱ ይወጣል። ደንበኛውም የደርቢ ቀን ዋጋ ጨመረ ብሎ አያኮርፍም። ካርዱ ላይ ግን የወንበር ቁጥር አትጻፉ፤ የወንበር ቁጥር ያለው ሰው ጨዋታው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ በኋላ ይመጣና «ተነሳልኝ» ይላል።

የሰፈር ውድድር የምታዘጋጁም ከዚህ የምትወስዱት አለ። የምድብ ጨዋታዎችን በጣም በትንሽ ዋጋ አስገቡ፣ ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን ጨምሩ። የውድድሩን ሙሉ ካርድ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሽጡ። ካርድ የገዛ ሰው የሰፈሩ ቡድን ቢወድቅም ይመጣል። ከፍሏላ።

ለፋሲል አይጨመርም

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ጀመረ። በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረውም ያኔ ነው። አፄዎቹ የምንለው የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ አብዛኛው የጎንደር ሰው አፄዎቹ ሻምፒዮን ሲሆኑ ያየው ከስታዲየም ሳይሆን ከስክሪን ላይ ነው። ፋሲለደስ ስታዲየም የነበረው ሰው ወደ ኳስ ቤት መጣ። ሙቀቱም አብሮ መጣ፤ ጭፈራው፣ ጥሩንባው፣ ነጭና ቀዩ ሁሉ።

በደብተሩ ስሌት ከሄድን የፋሲል ጨዋታ ከሁሉም በላይ ውድ መሆን አለበት። እኔ ግን 30 ብር ላይ አስሬዋለሁ። ፍላጎት የሚነግራችሁ ስንት ማስከፈል እንደምትችሉ ነው። ስንት ማስከፈል እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ሊቨርፑል በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን ተማረ። ክለቡ ለቀጣዩ ዓመት እስከ 77 ፓውንድ የሚደርስ ትኬት እንደሚያወጣ ሲያሳውቅ ደጋፊው ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ 77ኛው ደቂቃ ላይ ተነሥቶ ወጣ። ወደ 10,000 ሰው ነበር። ሊቨርፑል 2 ለ 0 እየመራ ነበር፣ ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ተዉት። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከሜዳቸው ውጭ ለሚጓዝ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ፊፋም ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለዋዋጭ ዋጋ ይዞ መጣ፤ ሽያጩ ሲጀመር ከ60 ዶላር እስከ 6,730 ዶላር ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ በታኅሣሥ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ለተሳታፊ ቡድኖች ታማኝ ደጋፊዎች በየጨዋታው፣ ፍጻሜውን ጨምሮ፣ የተወሰነ የ60 ዶላር ትኬት አወጣ። እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፣ ጠበቃም የሂሳብ ባለሙያም አላቸው። የኋላውን አግዳሚ ግን ረስተውት ነበር።

ዋጋ ካልጨመራችሁ ደግሞ ሰልፍ ይመጣል። ይህንንም አትርሱ። ሰልፍ ጊዜ ያለውን ሰው ይጠቅማል። ተማሪው ከሰዓት በፊት መጥቶ ይቆማል፣ ጋራዥ የሚሠራው ሰው እጁን ታጥቦ ሲደርስ ቦታ የለም። ለዚህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ለፋሲል ጨዋታ ትኬቱን ከጠዋት ጀምሬ እሸጣለሁ፣ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ። ሃያ ቦታ ደግሞ ከሥራ ለሚመጡ ጨዋታው ሊጀመር 15 ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ አስቀምጣለሁ። ካልመጡ በር ላይ ለቆመው ይሰጣል።

በሩ ላይ

ዋጋው ሐሙስ ይለጠፍ። የሳምንቱን ጨዋታዎች፣ ሰዓታቸውንና ዋጋቸውን በሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። ያንኑ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ልቀቁት። ከተለጠፈ በኋላ አይነካም። ሰው በር ላይ ተጋፍቶ ስታዩ እጃችሁ ይበላችኋል፣ «ዛሬስ 80 ብልስ?» ያሰኛችኋል። ተዉት። ያን ቀን የምታገኟት ትርፍ ለሦስት ወር በሰፈሩ ትወራለች።

ቢሆንም የሚከራከር አይጠፋም። በእኛ በር ላይ የተለመደው ንግግር ይኸው፦

«ጋሸ፣ ዛሬ መካከሉ 50 ነው።»

«ትናንት 20 አላልኸኝም?»

«ትናንት ትንሽ ጨዋታ ነበር፣ ጋሸ። ሰሌዳው ላይ አለ።»

«ታዲያ ትናንትም 22 ሰው ነው የሮጠው፣ ዛሬም 22 ሰው ነው!»

እንዲህ ያለውን ሰው በክርክር አታሸንፉትም። ደግሞም ልክ ነው፣ 22 ናቸው። «ኋላ 30 ነው፣ ሻዩን እኛ እናመጣልዎታለን» ብላችሁ አስገቡት። በር ላይ የሚቆመውን ልጅ ያለ እርስዎ ቃል እንዳይናገር አስጠንቅቁት። አንድ ትልቅ ሰው «አንተ» ተብሎ ከተመለሰ አሥር ሰው ይዞ ይቀራል። ለሚያውቁት ሰው በድብቅ መቀነስ ደግሞ ጨርሶ አይሁን። ዘመድ ከሆነ በነፃ አስገቡት፣ ዋጋ ግን አታስተካክሉለት። ዋጋው ለጨዋታው ነው የሚለያየው፣ ለሰውዬው አይደለም።

ትኬቱ በሦስት ቀለም ወረቀት ይሁን፣ አንዱ ቀለም ለአንዱ ቦታ። ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። ቀለሙን በየሳምንቱ አዙሩት፤ አለዚያ ያለፈው ሳምንት ትኬት ተመልሶ ይመጣል። በእረፍት ለሚወጣ ሰው እጁ ላይ ማኅተም ምቱ። በቴሌብር የሚከፍል ሰው የላከውን መልእክት አይታችሁ ብቻ አታስገቡ። በራሳችሁ ስልክ መግባቱን እዩ። የድሮ መልእክት የሚያሳይ ብልጥ ሁልጊዜ አለ።

ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ሲመጣ ቤቱን «ውጡ» ብሎ ባዶ ማድረግ የተለመደ ነው። ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እኔ የሁለቱን ትኬት አብሬ እሸጣለሁ። ትልቁ 50፣ መካከለኛው 30 ከሆነ ሁለቱን 65። ለአንዱ ብቻ የገዛ በቀለሙ ይታወቃል፣ ሲያልቅ ይወጣል። አስቀድሞ ስለሚያውቀው አይጣላም።

መብራት ሲጠፋ

ውድ ዋጋ ስታስከፍሉ ኃላፊነቱም ይወደዳል። በ20 ብር የገባ ሰው መብራት ሲጠፋ ስቆ ይወጣል። በ60 ብር የገባ ሰው ግን አይስቅም። ስለዚህ ሕጉን ከዋጋው ጎን ለጥፉት። የእኔ እንዲህ ይላል፦ ከእረፍት በፊት ጠፍቶ ካልተመለሰ ሙሉ ብር ይመለሳል። ከእረፍት በኋላ ከሆነ ለሌላ ቀን መግቢያ ይሰጣል። ከ80ኛው ደቂቃ በኋላ ምንም የለም። በትልቅ ጨዋታ ቀን ጄኔሬተሩ ነዳጅ መያዙን ጠዋት እዩ። የነዳጁ ወጪ በትልቁ ጨዋታ ዋጋ ውስጥ የተሰላ መሆን አለበት።

ሰዓት

የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በክረምታቸው ወራት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ፍላጎት አለ፣ ባጃጅ ግን የለም። የሰዓት ገደብ ባለበት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ሪያል ማድሪድ እንኳ ቢጫወት በዚያ ሰዓት ዋጋው መካከለኛ ነው። የሚመጣው በእግሩ ቤቱ የሚደርስ የሰፈር ሰው ብቻ ነው። ከምሽቱ 2:45 የሚጀምረው የመጀመሪያው ጨዋታ ግን ይሸጣል።

የእንግሊዝ ሰዓት በዓመት ሁለቴ ይቀየራል፣ የእኛ አይቀየርም። በጥቅምት አጋማሽ ግድም፣ የፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ የቅዳሜው የመጨረሻ ጨዋታ ከ1:30 ወደ 2:30 ይገፋል። የእሁዱ ትልቁ ጨዋታም ከ12:30 ወደ 1:30 ይሄዳል። በመጋቢት፣ የፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሁድ፣ ተመልሶ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በሁለቱ እሁዶች ሰሌዳውን ሐሙስ ስትጽፉ አዲሱን ሰዓት ጻፉ። ከጎኑም በቀይ «ሰዓት ተቀይሯል» በሉ። ጨዋታው በአንድ ሰዓት ወደ ማታ ሲገፋ ከሩቅ ሰፈር፣ ከአዘዞ አካባቢ የሚመጣው ይቀንሳል። እኔ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የቅዳሜ ማታውን መካከለኛ ጨዋታ ከ30 ወደ 25 የማወርደው ለዚህ ነው።